ገንዘቡን ተከተሉ፣ ዓመቱ ራሱ ይመጣል
የኢትዮጵያን የንግድና የተቋማት ታሪክ ለሚያጠኑ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

«በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ የተቋቋመው መቼ ነው? ሀ) 1898 ለ) 1905 ሐ) 1906»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በኩዊዝም፣ በጠቅላላ ዕውቀት ውድድርም፣ በሥራ ቅጥር ፈተናም ላይ ይመጣል። ሦስቱም ቁጥሮች የወጡት ከአንድ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተዋዋሉት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። አቢሲንያ ባንክ ተመርቆ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1906 ሲሆን፣ ያው የካቲት በእኛ አቆጣጠር 1898 ላይ ይውላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቸክል ያደረ ተማሪ ከሦስቱ አንዱን በዕድሉ ይመርጣል። ታሪኩን የያዘ ተማሪ ግን ጥያቄው ስለ ውሉ ነው ወይስ ስለ መከፈቱ፣ አቆጣጠሩስ የማን ነው ብሎ ለይቶ ይመልሳል።

የንግድ ታሪክ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን ከምክንያቱ ነጥለን ስለምናጠናው ነው። ከእያንዳንዱ ባንክ፣ ሐዲድና ፋብሪካ ጀርባ ገንዘብ ያወጣ፣ ፈቃድ የሰጠ፣ ያተረፈና የከሰረ ወገን አለ። የገንዘቡን መንገድ ከተከተላችሁ ዓመቱ የታሪኩ አካል ሆኖ አብሮ ይያዛል። ከዚህ በታች ያሉት ስምንት ደረጃዎች ይህንኑ የሚያሠሩ ናቸው። የሚያስፈልጓችሁ አንድ ደብተር፣ የተቆራረጡ ወረቀቶችና ሦስት ፖስታዎች ብቻ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 1፦ ከማንበባችሁ በፊት አምስት ጥያቄዎች ጻፉ

ሞጁሉን ከመክፈታችሁ በፊት በደብተራችሁ ገጽ ላይ እነዚህን አስፍሩ፦

1. ነገሩን ማን ፈለገው? ለምን?
2. ገንዘቡን ማን አወጣ?
3. ፈቃዱን ማን ሰጠ? በምን ውል?
4. ማን ተጠቀመ?
5. ምን ለወጠው ወይም ምን አበቃው?

ከዚያ አንብቡና ሙሉ። በአቢሲንያ ባንክ እንሞክረው። ምኒልክ ለአገራቸው ዘመናዊ ባንክ ፈለጉ። አቅሙ የነበረው በእንግሊዞች እጅ የነበረው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ የአዲሱ ባንክ ካፒታልም 500,000 ፓውንድ ሆነ። ውሉ ለ50 ዓመት የሚጸና ነበር፤ ባንኩ የገንዘብ ኖት የማውጣት መብት አገኘ፣ ተፎካካሪ ባንክም እንዳይከፈት ተደረገ። በምላሹ መንግሥት ከትርፉ 20 በመቶ ሊያገኝ ተስማማ። ፍጻሜውስ? ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ካሳ ተከፍሎ ባንኩ ተዘጋና የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስሉ። የ50 ዓመት ውል እንዴት በግማሽ ዕድሜው ገደማ ፈረሰ? ገንዘብ የማተም መብት በውጭ ባንክ እጅ መቆየቱ ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት የሉዓላዊነት ጉዳይ ስለነበረ ነው። ይህን ምክንያት ከያዛችሁ እ.ኤ.አ. 1931 ከዘውዱ በዓል ቀጥሎ የመጣ ዓመት ሆኖ ይቀመጣል፤ ለብቻው መሸምደድ አያስፈልገውም።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ተቋም ሁለት ቀን መዝግቡ

ተቋም ሁለት ጊዜ ይወለዳል፦ አንዴ በፊርማ ወይም በአዋጅ፣ አንዴ ሥራ ሲጀምር። መጻሕፍት አንዱ ይህን፣ ሌላው ያንን ስለሚጠቅሱ ተማሪው «የትኛው ነው ልክ?» እያለ ይጨነቃል። በደብተራችሁ ላይ «ተፈረመ» እና «ሥራ ጀመረ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስምሩና ሙሉ።

• የኢትዮጵያ አየር መንገድ፦ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938፣ የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ነው።
• የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፦ አዋጁ እ.ኤ.አ. በ1963 ወጣ፤ የመንግሥት ባንክ ተብሎ ይሠራ የነበረው ተቋም ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሥራ የጀመሩት በጥር 1964 መባቻ ነው፣ ያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር።
• አዋሽ ባንክ፦ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1994፣ ደንበኛ ማስተናገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ነው።

ሦስተኛ ዓምድ ጨምሩና «በስም የሚመሳሰሉ» በሉት። ዛሬ የምናውቀው የግል አቢሲንያ ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ የምኒልክን ዘመን ባንክ ስም ቢይዝም ሌላ ተቋም ነው። ጥያቄ አውጪ እንዲህ ያለውን ወጥመድ ይወዳል።

ደረጃ 3፦ የቀን አቆጣጠሩን አንዴ ለይታችሁ ጨርሱ

የዩኒቨርሲቲ ሞጁል በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይመጣል፤ ቤት የሰማነው፣ ሬዲዮ የነገረን ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ነው። ስሌቱ አጭር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ደምሩ።

ይህን ስታውቁ የአየር መንገዱ ጉዳይ ይገለጥላችኋል። ምሥረታውም በረራውም በ1938 ነው፤ ታኅሣሥ 12 ላይ 7 ሲደመር 1945፣ መጋቢት 30 ላይ 8 ሲደመር 1946 ይሰጣል። አንድ የእኛ ዓመት ለሁለት የፈረንጅ ዓመት ተከፈለ ማለት ነው። አዋሽ ባንክም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም ቀኖቹ በ1987 ውስጥ ይወድቃሉ።

አንድ ረቂቅ ነገር እንጨምር። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ዛሬ የካቲት 23ን በፈረንጅ ካላንደር ብትፈልጉ ማርች 2 ላይ ታገኙታላችሁ፤ የታሪክ መጻሕፍት ግን ጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896 ተደረገ ይላሉ። ስህተት የለም። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1900 ሠግር ዓመት ስላልሆነ፣ በእኛው ግን አራት ዓመት ጠብቆ የሚመጣው ጳጉሜን 6 ስላልቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት ያለ ቀን ስትለውጡ ይህን አስታውሱ።

በደብተራችሁ ሁሉንም ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ጥያቄው በጠየቀበት አቆጣጠር ብቻ መልሱ።

ደረጃ 4፦ ካስማ ዓመታትን ትከሉ

ድንኳን ጥቂት ካስማ እንደሚይዘው፣ በርካታ የንግድ ታሪክ ዓመቶችንም ጥቂት የፖለቲካ ዓመታት ይይዟቸዋል። እነዚህን በደንብ ያዙ፦

• የካቲት 1888፦ አድዋ።
• ሚያዝያ 27 ቀን 1928፦ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ።
• ሚያዝያ 27 ቀን 1933፦ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሁለቱ ቀኖች በአምስት ዓመት ልዩነት አንድ ናቸው።
• መስከረም 2 ቀን 1967፦ ደርግ ሥልጣን ያዘ።
• ግንቦት 20 ቀን 1983፦ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።
• መጋቢት 2010፦ የመንግሥት መሪ ለውጥ።

አሁን የንግዱን ታሪክ በእነዚህ ላይ እሰሩ። የባቡር ፈቃዱና የምኒልክ ብር ከአድዋ ጥቂት ቀደም ይላሉ፤ ባንኩ ከአድዋ አሥር ዓመት በኋላ ነው። አየር መንገዱ ነፃነት ከተመለሰ አምስት ዓመት ቆይቶ መጣ። የግል ባንኮች የተወረሱት በታኅሣሥ 1967 ነው፤ ደርግ ከገባ አራት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ለግል ባንኮች በሩን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 84 የወጣው በ1986፣ ማለትም ከ1983 ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ቴሌብር በ2013፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት በ2015፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ተከተሉ።

ጥቅሙ በምርጫ ጥያቄ ላይ ይታያል። «አየር መንገዱ በ1930 ተመሠረተ» የሚል አማራጭ ብታዩ፣ አገሪቱ በወረራ ሥር በነበረችበት ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት አየር መንገድ አይመሠርትም ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ትክክለኛውን ቀን ባታስታውሱት እንኳ የማይሆነውን ታውቃላችሁ።

ደረጃ 5፦ «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» እያላችሁ አያይዙ

በነጥብ የተዘረዘረ ማስታወሻ ቶሎ ይጠፋል። አንዱን ክስተት ከሌላው ጋር በማያያዣ ቃል ስታስሩት ግን ታሪክ ይሆናል። የጅቡቲ–አዲስ አበባን ባቡር ውሰዱ።

እ.ኤ.አ. በ1894 ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስና አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ በሐረር ማለፍ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሐረር ከፍታ ሐዲድ ማውጣት ከባድና ውድ ሆነ፤ ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ያለውን ሜዳ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያው ደረሰ፤ ስለዚህ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ የሐረር ሲራራ ንግድም ወደ አዲሲቱ ከተማ መሳብ ጀመረ። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣሊያም በመስመሩ ላይ ይፎካከሩ ነበር፤ ስለዚህ ሥራው ለዓመታት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ተረከበው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለማለቅ 20 ዓመት ፈጀ። «ተራራው አስቸግሮ ነው» የሚል መልስ ግማሽ መልስ ነው፤ ከተራራው ይልቅ ካፒታሉና የኃያላኑ ሽኩቻ አዘግይተውታል። የመምህሩ ጥያቄ «ዘርዝር» ሳይሆን «አብራራ» የሚል ከሆነ ነጥብ የሚያስገኘው ይህ ሰንሰለት ነው።

ደረጃ 6፦ መጽሐፉን ዘግታችሁ ለራሳችሁ መልሱ

አንድን ምዕራፍ ደጋግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ስሜቱ ያታልላል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንዱን የተማሪ ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ አስነበቡት፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አስነብበው ሦስት ጊዜ ሳያይ እንዲጽፈው አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ።

የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን መጽሐፍ ሳይዝ በመምህሩ ፊት የሚያሰማው በከንቱ አይደለም፤ የቀረውና የተሳሳተው የሚታወቀው ሲያሰማ ነው። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

1. አንድ ክፍል አንብቡና ሞጁሉን ዝጉ።
2. ባዶ ወረቀት ላይ ለአሥር ደቂቃ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። አምስቱን ጥያቄዎች ተጠቀሙ።
3. ሞጁሉን ከፍታችሁ የቀረውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሌላ ቀለም የተጻፈው የነገ ጥናታችሁ ነው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ምክንያቱን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም በሚቀላችሁ ቋንቋ፣ ለዶርም ጓደኛችሁ አስረዱ። ሲገባችሁ መልሱን በእንግሊዝኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉት። ያልገባ ነገር በእንግሊዝኛ ሲሸመደድ ጥያቄው በትንሹ ተለውጦ ከመጣ መውጫ የለውም።

ደረጃ 7፦ ካርድ አዘጋጁ፣ በየፖስታው አዘዋውሩ

ካርድ ላይ «ማርትሬዛ — 1780» ብላችሁ ከጻፋችሁ ካርዱ ብዙም አይጠቅማችሁም። አንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ይያዝ፤ ጥያቄውም ምክንያት የሚጠይቅ ይሁን። ለምሳሌ፦

• በማርትሬዛ ብር ላይ ያለው ዓመት ለምን ሁልጊዜ 1780 ሆነ? መልስ፦ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ተሬዛ የሞቱት በዚያ ዓመት ነው፤ ነጋዴው መልኩን የለመደውን ብር ብቻ ስለሚያምን ከሞታቸው በኋላም ዓመቱ ሳይቀየር መታተሙ ቀጠለ።
• ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ምልክት በፓሪስ ያስመቱት ብር ማርትሬዛን ወዲያው ያላስወጣው ለምንድን ነው? መልስ፦ በመንግሥት ስም መመታቱ ብቻውን የገበያ እምነት አያመጣም።
• ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛ ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ለምን ወሰደ? መልስ፦ ሊወራት ባሰበው አገር የሚታመነው ገንዘብ እርሱ ስለነበረ።

ሦስቱ ካርዶች አንድ ላይ ሆነው የገንዘብ ዋጋ በእምነት እንደሚቆም ያስተምራሉ፤ ይህ ለኢኮኖሚክስ ፈተናም ይሆናል።

ካርዶቹን ለመከለስ ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀውን ዘዴ ተጠቀሙ። ሦስት ፖስታ ያዙ፦ «በየቀኑ»፣ «በሦስት ቀን»፣ «በሳምንት»። አዲስ ካርድ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በትክክል የመለሳችሁት ወደ ቀጣዩ ፖስታ ያልፋል፤ የተሳሳታችሁት የትም ይሁን ወደ «በየቀኑ» ይመለሳል። በዚህ መንገድ ጊዜያችሁን የምታውሉት በከበዳችሁ ላይ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ከመያዛችሁ በፊት አጣሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የታሪክ ጨዋታ ዕውቀት ሁሉ እውነት አይደለም። «ምኒልክ ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር አስመጥተው፣ መብራት ስለሌለ ዙፋን አደረጉት» የሚለው ወሬ በውጭ አገር የእንቆቅልሽ መጻሕፍት ሲዞር ኖሯል፤ ከዘመኑ የተገኘ ማስረጃ ግን አይቀርብበትም። ቡናን ያገኘው ፍየል ጠባቂው ካልዲ ነው የሚለው ተረትም በጽሑፍ የምናገኘው ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1671 ከታተመ የላቲን መጽሐፍ ነው፤ እዚያም እረኛው ስም የለውም። ተረት መሆኑን ገልጾ መጥቀስ ይቻላል፤ ታሪክ ብሎ መጻፍ ግን ነጥብ ያስቀንሳል።

ለማጣራት ሦስት ነገር ጠይቁ። ዓመት፣ ቦታና የተቋም ስም አለው? ተቋሙ ራሱ ወይም አንድ የታሪክ መጽሐፍ ይደግፈዋል? «የመጀመሪያው» ሲባል በምን የመጀመሪያው፦ በአገር፣ በአፍሪካ ወይስ በግሉ ዘርፍ? ሦስቱን ያላለፈ ካርድ ፖስታ ውስጥ አይግባ።

የሦስት ሳምንት ዕቅድ

ከፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀር ጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ካስማ ዓመታቱንና የዘመን ስሌቱን ጨርሱ፤ በየቀኑ አንድ ተቋም በአምስቱ ጥያቄዎች አንብቡና ካርድ አዘጋጁ። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ንባብ ቀንሱ፤ በየዕለቱ በባዶ ወረቀት ጽፋችሁ ፖስታዎቹን አዘዋውሩ። በሦስተኛው ሳምንት ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞች ጋር ተቀምጣችሁ እርስ በርስ ተጠያየቁ። እያንዳንዱ ሰው አሳሳች አማራጭ ያለባቸው አምስት ጥያቄዎች ይዞ ይምጣ፤ አሳሳች አማራጭ ለማውጣት ትክክለኛውን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋልና። በመጨረሻው ሌሊት ካርዶቹን አንድ ጊዜ አይታችሁ ተኙ።

አሁኑኑ ሞክሩ

የሚከተለውን አንቀጽ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የውጭው ቸርቻሪ በስሙ ዝና ብዙ ሲያተርፍ ገበሬው የሚያገኘው ጥቂት ነበር፤ መንግሥት የፈለገው ስሙን በእጁ አድርጎ የመደራደር አቅም ማግኘት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ክርክር ተነሣ። ኦክስፋም ጉዳዩን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2006 ዘመቻ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ፤ ኩባንያው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀብሎ ያለ ሮያሊቲ ክፍያ በፈቃድ እንዲጠቀም፣ ስሞቹንም እንዲያስተዋውቅ ተደረገ።

ገጹን ሸፍኑ። ማን ፈለገው፣ ወጪውና ጥቅሙ በማን ላይ ወደቀ፣ ፈቃዱን ማን ለማን ሰጠ፣ ምን ለወጠው? መልሱን ጻፉና አስተያዩ። ከዚያ አንድ ከባድ ጥያቄ ጨምሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1905ቱ የባንክ ውል ፈቃድ ሰጪዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2007ቱ የቡና ውልም እንዲሁ። በሁለቱ ውሎች ኢትዮጵያ የሰጠችው ምንድን ነው? ለራሷ ያስቀረችውስ? ይህን በአንድ ገጽ መመለስ የቻለ ተማሪ አራቱን ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. 1905ን፣ 1931ን፣ 2005ንና 2007ን፣ ሳይሸመድድ ይዟቸዋል።